ከተረፈው ወይስ ከመጀመሪያው? የቤተሰብ ቁጠባና የገቢ ደረጃ ታሪክ ከገላን ኮንዶሚኒየም ሲታይ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲያመች በጥቂቱ የታረመ።)



የመርሐ ግብሩ አዘጋጆች የሰጡኝ ርእስ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጠቃለል ነው፦ በተለያየ የገቢ ደረጃ ላይ የሚገኙ ቤተሰቦች ከገቢያቸው ስንት እጅ ይቆጥባሉ? ጥያቄው በሠንጠረዥ የሚመለስ ይመስላል። እኔ ግን የኢኮኖሚ ታሪክ መምህር እንደመሆኔ ሠንጠረዡን ለባልደረቦቼ ትቼ፣ ጥያቄው ራሱ ከየት እንደመጣና በአገራችን ለምን ብዙ ጊዜ ተጣሞ እንደተጠየቀ ላወጋችሁ እወዳለሁ።

ንግግሬን በአንድ ኀፍረት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት በገላን ኮንዶሚኒየም የሕንፃችን ነዋሪዎች ለውኃ ፓምፕ መግዣ ገንዘብ ለማዋጣት ተሰበሰብን። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር፤ በመጣም ጊዜ ወደ ላይኛዎቹ ፎቆች አይወጣም። ስለዚህ የፓምፑ ጉዳይ አላከራከረንም፤ ያከራከረን አከፋፈሉ ነበር። እኔም እንደ ተማረ ሰው እጄን አውጥቼ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ጎረቤቶቻችን ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየትም ሊያመጡ ስለማይችሉ፣ የእነርሱ ክፍያ በብዙ ወራት ተከፋፍሎ ይራዘም የሚል ሐሳብ አቀረብሁ። ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ። ከሁለት ወር በኋላ የኮሚቴው ጸሐፊ ያልከፈሉትን ሰዎች ስም በደረጃው መግቢያ ላይ ለጠፈ። ከጥበቃ ሠራተኞች፣ ከጉልት ነጋዴዎች፣ ከልብስ ሰፊዎች መካከል አንድም ስም አልነበረም። የተለጠፍነው ደመወዝተኞች ነበርን፤ የእኔም ስም ከነዶክተር ማዕርጉ ከላይ ሁለተኛው ላይ ተቀምጧል።

ዝርዝሩን ቆሜ ሳነብ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩና እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ ጎረቤቴ ከሥር ደረሱብኝ። «እትዬ፣ እንዴት ተርፎዎት ቶሎ ከፈሉ?» አልኋቸው። «ምን ይተርፋል ብለው ነው፣ ዶክተር!» አሉኝ። «እኔ ቤት የሚተርፍ ነገር የለም። ሲተርፈኝ እጥላለሁ ያለ ሰው እቁብ አይጥልም። እኛ አስቀድመን ጥለን፣ በቀረው ነው የምንበላው።»

ይህን ጉዳይ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬዋለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁት ቀመር «ቁጠባ ማለት ከገቢ ላይ ፍጆታ ሲቀነስ የሚቀረው ነው» የሚል ነበር። ሴትዮዋ ቀመሩን ገለበጡት፤ እሳቸው ዘንድ ፍጆታ ማለት ከገቢ ላይ ቁጠባ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት አለ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ልዩነት ነው።

ሰሌዳው ላይ የኖረው መሥመር

አስቀድሜ ለመጻሕፍቱ ተገቢውን ዋጋ ልስጥ። ጆን ሜይናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው «አጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ» ላይ፣ የሰው ገቢ ሲያድግ ፍጆታውም ያድጋል፣ ነገር ግን የገቢውን ያህል አያድግም ብሎ አስረዳ። ከዚህም ሀብታሙ ከገቢው ከፍ ያለ እጅ ይቆጥባል፣ ድኻው ያነሰ እጅ ይቆጥባል ወይም ጨርሶ አይቆጥብም የሚል ትምህርት ተከተለ። በአንድ ዓመት ውስጥ የተለያዩ ቤተሰቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ይህ በብዙ አገር እውነት ሆኖ ይገኛል። ልክደውም አልመጣሁም።

ችግሩ የመጣው ጊዜ ሲጨመርበት ነው። ሳይመን ኩዝኔትስ የአሜሪካንን የብዙ አሥርት ዓመታት የሀብት መዝገብ ሲመረምር፣ የሕዝቡ ገቢ በብዙ እጥፍ ቢያድግም የሚቆጠበው ድርሻ ብዙም ፈቅ እንዳላለ አገኘ። ቁጠባ የገቢ መጠን ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የልጅ ልጆቹ ከአያቶቻቸው እጅግ የበለጠ ድርሻ መቆጠብ ነበረባቸው። ለዚህ እንቆቅልሽ ሦስት መልሶች ተሰጡ። ጄምስ ዱሰንቤሪ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ሰው የሚያወጣው የራሱን ኪስ ብቻ አይቶ ሳይሆን ጎረቤቱንም አይቶ ነው አለ። ሞዲግሊያኒና ብሩምበርግ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ሰው በጉልምስናው ቆጥቦ በእርጅናው ይበላል፤ ስለዚህ ወሳኙ ዕድሜ ነው አሉ። ሚልተን ፍሪድማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሰው ኑሮውን የሚመትረው በዚህ ወር በገባለት ገንዘብ ሳይሆን ዘለቄታ አለው ብሎ በሚያምንበት ገቢ ነው አለ።

ሦስቱም ገላን ውስጥ ይታያሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጡ ሳይጠናቀቅ እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። አንዱ ጎረቤት ወለሉን ሴራሚክ ሲያደርግና በሩን ሲቀይር፣ በዚያው ደረጃ ላይ ያሉት ሁሉ «ፊኒሺንግ» የሚሉት ወጪ ይነሣባቸዋል፤ ይህ ዱሰንቤሪ ነው። በግንባታ የቀን ሥራ የሚተዳደረው ወጣት በበጋ የሚያገኘው ገንዘብ በክረምት እንደማይኖር ስለሚያውቅ፣ ከእኔ ደመወዝ ባነሰ ገቢው ከእኔ የበለጠ ያስቀምጣል፤ ይህ ፍሪድማን ነው። እኔ በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ እንደሚገባልኝ እርግጠኛ ነበርሁ። እርግጠኛነቴም አዘናጋኝ፤ የፓምፑ ዝርዝር ላይ የጻፈኝም እርሱ ነው።

በአዳጊ አገሮች ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ የከበደው የአርተር ሉዊስ ቃል ነበር። ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1954 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ፣ የልማት ዋነኛ እንቆቅልሽ ከብሔራዊ ገቢው 4 ወይም 5 በመቶ ብቻ ይቆጥብ የነበረ ኅብረተሰብ ወደ 12 ወይም 15 በመቶ እንዴት እንደሚሸጋገር ማወቅ ነው አለ። የእርሱ መልስ ከባለሀብቱ ትርፍ የሚል ነበር፤ ከድኻው ምንም አልጠበቀም። በየአገሩ ያሉ ዕቅድ አውጪዎችም ይህን ተቀበሉ። «ሕዝባችን ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ነው፤ ምን ይቆጥባል?» የሚለው አነጋገር በእኛም አገር የሊቃውንት ቃል እስኪመስል ድረስ ሥር ሰደደ። ሉዊስ የጠቀሳቸውን 12 እና 15 ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስባቸዋለሁ።

መቀነት፣ እቁብና ባንክ

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ ልግባ። የአቢሲንያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ በ1898 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት፣ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የመንግሥት በሆነው የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። እነዚህ ሁሉ የአገር ኩራት ናቸው። ነገር ግን በእነዚያ ዘመናት አብዛኛው የከተማው ነዋሪ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው በባንክ አልነበረም። እናቶቻችን በመቀነታቸው ይቋጥሩ ነበር፤ ገበሬው በከብትና በጎተራ፣ ባለጸጋው በቤትና በቦታ፣ የከተማው ሠርቶ አዳሪ ደግሞ በእቁብ ያስቀምጥ ነበር።

አቃቂ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የባቡር ጣቢያ የነበራት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያም በሕንድ ካፒታል የቆመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለባት፣ ከአገራችን ቀደምት የኢንዱስትሪ መንደሮች አንዷ ናት። በፉጨት ገብቶ በፉጨት የሚወጣ፣ በቀጠሮ ቀን ደመወዝ የሚቀበል ሠራተኛ የተወለደው እንዲህ ባሉ መንደሮች ነው። ቋሚ የክፍያ ቀን ያለው ሰው ደግሞ ለእቁብ የተመቸ ነው፤ ዳኛው መቼ እንደሚሰበስብ፣ ጣዩም መቼ እንደሚጥል ያውቃል።

እቁብ ለዚህ ጉባኤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቢሆንም አሠራሩን በታሪክ ዓይን እንየው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ፣ ዕጣ አለ። ቀድሞ የደረሰው ሰው በእውነቱ ተበዳሪ ነው፤ ኋላ የሚደርሰው ደግሞ አበዳሪ። ሁሉም ግን ቆጣቢ ይባላሉ። የቸገረው ዕጣውን ቀድሞ ካወጣ ሰው ይገዛል፤ ያም ግዢ ወለድ ነው፣ ስሙ አይነሣም እንጂ። ከሁሉ በላይ ግን እቁብ ቁጠባን ከግል ውሳኔ አውጥቶ የማኅበር ግዴታ ያደርገዋል። ሳይጥል የቀረ ሰው የሚያፍረው በባንክ ደብተር ፊት ሳይሆን በሰው ፊት ነው። «አስቀድሜ ነው የምጥለው» ማለት ይህ ነው፤ ቆራጥነቱ ከሰውዬው ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከማኅበሩ ሥርዐት ጭምር ይመነጫል።

ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 በጃቫ ያየውን ተመሳሳይ ማኅበር መነሻ አድርጎ፣ እንዲህ ያለው ሥርዐት ገበሬን ወደ ነጋዴነት የሚያሸጋግር መካከለኛ እርከን ነው፤ ባንክ ሲመጣ ይጠፋል ብሎ ነበር። በአዲስ አበባ አልጠፋም። አስፋው ዳምጤ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዘመን ስለ እቁብ ከጻፉ እስከ ዛሬ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። ደጀኔ አረዶም እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት እቁብን፣ ዕድርንና የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ጎን ለጎን መርምረዋል። ባንኩ በየማእዘኑ ተከፍቷል፤ የባንኩ ሠራተኞች ግን ራሳቸው እቁብ አላቸው።

ደመወዝተኛው በበኩሉ ሌላ መንገድ አገኘ። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር መሠረቱ። በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ደግሞ ጡረታ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ተዘረጋ። ዛሬ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ድምሩ 18 በመቶ ነው። ይህ ገንዘብ እጄ ሳይገባ ስለሚሄድ ቁጠባ አይመስለኝም። ነገር ግን እኔን ቆጣቢ ያደረገኝ ይኸው በአዋጅ የተቆረጠው ነው፤ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ጎረቤቴ እንዲህ ያለ አዋጅ አልወጣላቸውም፤ አዋጃቸውን ራሳቸው አውጥተዋል።

በመካከሉ የሆነውን አንድ ትልቅ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ስለ አዋጁ ፍትሐዊነት ክርክሩ የሚታወቅ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። በቁጠባ ታሪክ ግን ትርጉሙ ይህ ነው፦ የከተማው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን የቆጠበውን የሚያኖረው በሁለተኛ ቤት ነበር፤ እያከራየ ጡረታውን የሚያስበው በእርሱ ነበር። ያ ማስቀመጫ በአንድ ቀን ተዘጋ። ኪራይ ረከሰ፤ የብዙ ድኻ ኑሮም ተቃለለ። የመቆጠቢያው ሥፍራ ግን ጠበበ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ገንዘብ ቢተርፈው እንኳ «የት ላኑረው?» የሚል ጥያቄ ወረሰ። ያ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተመልሶ መጣ።

187 ብር

በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪ ለጋራ መኖሪያ ቤት ሲመዘገብ ቁጥሩ ከ450 ሺህ በላይ ሆነ። እኔም አንዱ ነበርሁ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ምዝገባ ሲደረግ መርሐ ግብሩ በገቢ ደረጃ ተከፈለ፦ 10/90፣ 20/80 እና 40/60። የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው አስቀድሞ የሚቆጥበው መቶኛ ነው፤ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው። ቁጠባውም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል በየወሩ እንዲገባ ተደረገ።

ለታሪክ ጸሐፊ ይህ እንደ ትልቅ ቤተ ሙከራ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሦስት የገቢ ደረጃ ያሉ ሰዎች «በየወሩ ይህን ያህል ቆጥቡ» ተባሉ። 10/90 የተዘጋጀው የወር ገቢያቸው ከ1,200 ብር ለማይበልጥ ነበር። የወር ቁጠባቸው 187 ብር፣ ጊዜውም አንድ ዓመት። በ20/80 ደግሞ ለስቱዲዮ 151 ብር፣ ለባለ አንድ መኝታ 274 ብር ለአምስት ዓመት ነበር።

እስቲ አብረን እናስላ። 187 ብር ከ1,200 ብር ሲሰላ 15 ተኩል በመቶ ይሆናል። ይህም ገቢው በጣሪያው ላይ ላለ ሰው ነው። ገቢው 900 ብር የነበረ ሰው ወደ 21 በመቶ ይጠጋል። አሁን የሉዊስን ቁጥሮች አስታውሱ፤ አንድ ኅብረተሰብ ከድህነት ወጥቶ ለመመንጠቅ 12 ወይም 15 በመቶ መቆጠብ አለበት ብሎ ነበር፤ ያንንም ከባለሀብት እንጂ ከድኻ አልጠበቀም። የአዲስ አበባ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነዋሪ ግን ምግብ ብቻ የገቢውን ትልቅ ድርሻ በሚወስድበት ኑሮ፣ ከሉዊስ ጣሪያ በላይ እንዲቆጥብ ተጠየቀ፤ እጅግ ብዙ ሰውም ተሰልፎ ተመዘገበ። በሌላ በኩል፣ ገቢው 5,000 ብር የነበረ ሰው ለባለ አንድ መኝታ ቤት 274 ብር ሲቆጥብ ከገቢው 5 ተኩል በመቶ ብቻ ማስቀመጡ ነው። በዚህ አንድ መዝገብ ላይ መሥመሩ ተገልብጧል፤ ገቢው ያነሰው ከገቢው የበለጠውን እጅ ቆጠበ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ይህ ማለት ድኻ በተፈጥሮው ከሀብታም ይበልጥ ቆጣቢ ነው ማለት አይደለም። ባለ 5,000 ብሩ ሰው በሌላ ሥፍራ የሚያስቀምጠው ሊኖር ይችላል። ከተመዘገቡትም መካከል በርካቶች አቋርጠዋል፤ ያቋረጡት ደግሞ የከፋ ኑሮ የገጠማቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የጸኑትን ብቻ ቆጥረን መደምደም ስሕተት ነው። ደግሞም 187 ብሩ ሁልጊዜ ከፍጆታ የተቀነሰ አልነበረም፤ ከዘመድ የተለቀመ፣ ከእቁብ የተወሰደ፣ ከውጭ አገር ከምትሠራ ልጅ የተላከ ይሆናል። ይህ ራሱ ግን ትምህርት ነው፤ የምንመዝነው «ቤተሰብ» ከአንድ በር በስተጀርባ ያለውን ብቻ አይደለምና።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየዓመታቱ የሚያካሂደው የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት ይህን ሁሉ ለምን አያሳየንም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። ሰው ወጪውን በደንብ ይናገራል፤ ገቢውን ግን ግብርን ወይም ዘመድን ፈርቶ ያሳንሳል። ቁጠባን ከሁለቱ ልዩነት ልናወጣ ስንሞክር የሁለቱም ስሕተት በዚያች ትንሽ ልዩነት ላይ ይከመራል። በመሆኑም ድኻው ከገቢው በላይ የሚያወጣ፣ ከዜሮ በታች የሚቆጥብ ሆኖ ይገኛል። እቁቡም ከሁለት አንዱ ዓምድ ሥር ሲገባ የቁጠባነት ስሙ ይጠፋል።

የቁጠባ ዕድሜ

ታዲያ በገቢ ደረጃ የሚለየው ምንድን ነው? በገላን ያየሁት የቁጠባው ዕድሜ መሆኑን ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እርሱ ነው።

የእንጀራ ጋጋሪዋ ቁጠባ የወራት ዕድሜ አለው። እቁቡ ይደርሳል፤ በማግስቱ ጤፍ ይሆናል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል፣ ምጣድ ይሆናል። በዓመት ውስጥ በእጃቸው የሚያልፈው የተጠራቀመ ገንዘብ ብዙ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ በደብተር ላይ የሚታየው ግን ምንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 «የድኾች የገንዘብ መዝገብ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው መጽሐፍ በባንግላዴሽ፣ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቤተሰቦችን የገንዘብ እንቅስቃሴ በየሁለት ሳምንቱ እየተከታተለ ያገኘው ይህንኑ ነበር፤ የተቀማጩ ትንሽነት የእንቅስቃሴውን ብዛት ይደብቃል።

የባለ ቤቱ ቁጠባ ግን የዓመታት ዕድሜ አለው። በየወሩ ለባንክ የሚከፍለው ዕዳ ቤት እየሆነ ይጠራቀማል። ገላን ውስጥ ከአንድ ደረጃ ላይ አከራይና ተከራይ በር ለበር ይኖራሉ። ተከራዩ ከገቢው ትልቁን እጅ ለኪራይ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ በእርሱ መዝገብ ፍጆታ ነው። አከራዩ ደግሞ ይህንኑ ገንዘብ ለባንክ ዕዳ ይከፍልበታል፤ በእርሱ መዝገብ ቁጠባ ነው። አንዱ ብር ኮሪደሩን ሲሻገር ስሙን ቀየረ። ዕጣ የወጣለት ሰውና ያልወጣለት ሰው የነበራቸው ትጋት እኩል ነበር፤ የዛሬው የቁጠባ ድርሻቸው ግን አይገናኝም። በተጨማሪ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ገላን የመጣ ሰው ገቢው ሳይቀንስ የታክሲና የአውቶቡስ ወጪው ጨመረ፤ የቀድሞ ዕድሩንና እቁቡንም ከኋላው ተወ። አዲስ እቁብ እስኪመሠረት፣ መተማመን እስኪወለድ፣ ዓመታት ወሰደ።

የባለጸጋው ቁጠባ ደግሞ የትውልድ ዕድሜ አለው። በመሬት፣ በሕንፃ፣ በውጭ ምንዛሪ ያኖረዋልና ዋጋ ሲንር እርሱም አብሮ ይንራል።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የፍትሕ ጉዳይ የሚሆነው። አገሪቱ በእነዚያ ዓመታት ያሳየችው የቁጠባ ዕድገት የሚያስመሰግን ነው፤ የአገር ውስጥ ቁጠባ ከአጠቃላይ ምርቱ ከ10 በመቶ በታች ከነበረበት ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ ደረሰ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ መሠረት ሲጣል ሠራተኛው የወር ደመወዙን ለቦንድ ሰጠ። የኮንዶሚኒየም ቁጠባም በባንኩ ተጠራቀመ። የግል ባንኮች ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ከሚያበድሩት 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። መንገዱ፣ የኃይል ማመንጫው፣ ቤቱ የተሠራው በዚህ ርካሽ ገንዘብ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ ፈጣን መንገድ ከእኛ ሠፈር አጠገብ ያልፋል፤ የዚያን ዘመን ሥራ በየቀኑ አየዋለሁ።

ነገር ግን ርካሽ ገንዘብ ለአንዱ ርካሽ የሚሆነው ለሌላው ውድ ሆኖ ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ለብዙ ዓመታት 5 በመቶ ነበር፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. 7 በመቶ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 107 ብር ተቆጠረለት፤ በ130 ብር የሚገዛውን ዕቃ ግን 107 ብር አይገዛውም። የመግዛት አቅሙ ወደ 82 ብር ወርዷል። 18ቱ ብር የት ሄደ? ጠፋ ማለት አይቻልም፤ ከቆጣቢው ወደ ተበዳሪው ተሻገረ። ተበዳሪ የሚሆነው ደግሞ መያዣ ያለው ነው።

ከዚህ የተነሣ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ፣ በ2005 ዓ.ም. ታድሶ፣ በየወሩ ሳያቋርጥ ሲቆጥብ የኖረውና ዕጣ ያልደረሰው ሰው ሁለት ጊዜ ከሠረ፤ የቤቱ ዋጋ ወደ ላይ ሸሸበት፣ የብሩ አቅም ወደ ታች ወረደበት። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ ተሰርዞ ከወራት በኋላ እንደገና ሲወጣ፣ ብዙዎች የቆጠቡት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የቆጠቡት ተስፋም እንደተናጋ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው «የቁጠባ ባህል የለህም» ብሎ መምከር ስድብ ነው። ባህሉ ነበረው፤ የጎደለው ዋጋ የሚጠብቅለት ማስቀመጫ ነው።

ማጠቃለያ

ወደ ተሰጠኝ ጥያቄ ልመለስ። በተለያየ የገቢ ደረጃ ላይ ያሉ ቤተሰቦች ከገቢያቸው ስንት እጅ ይቆጥባሉ? በአንድ ዓመት መዝገብ ላይ፣ በባንክ ደብተር ብቻ ከለካን፣ ገቢው የበዛው የበለጠ ይቆጥባል። እቁቡን፣ ዕድሩን፣ የቤት ምዝገባውንና የዘመድ መዋጮውን ከጨመርን ልዩነቱ ይጠባል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገለበጣል። የሰው ትዕግሥት በገቢ ደረጃ አይከፋፈልም። የሚከፋፈለው የቁጠባው ማረፊያ ነው፤ የአንዱ ወር አይሞላም፣ የሌላው ልጅ ይወርሰዋል።

ስለዚህ ለተመራማሪ ተማሪዎቼ ሁለት አደራ አለኝ። አንደኛ፣ ቤተሰብ ስትጠይቁ «ስንት ተረፋችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «አስቀድማችሁ የምትጥሉት ምን ምን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። መልሱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የቁጠባውን መጠን ከመዘገባችሁ በኋላ «ከዓመት በኋላ ምን ገዛ?» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ለፖሊሲ አውጪዎች ያለኝ ቃል ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰዉን ቆጥቡ ከማለት በፊት የተቆጠበውን ከንረት መጠበቅ ይቀድማል፤ ቃል ተገብቶለት ለቆጠበም ሰው ቃሉን ማክበር ይገባል።

ጎረቤቴ እትዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ስላዘዙኝ አልጠራም። የፓምፑን መዋጮ ከፍዬ ደረሰኙን ባሳየኋቸው ቀን፣ «እንግዲህ ዶክተርም እቁባችን ይግቡ» ብለው ነበር። ገብቻለሁ። በየወሩ ደመወዝ በገባልኝ ዕለት፣ ገበያ ከመውጣቴ በፊት፣ አስቀድሜ እጥላለሁ። ሰሌዳ ላይ የምጽፈውንም ቀመር ገልብጬ ማስተማር ጀምሬአለሁ።